ውጤትህ ሲበላሽ፦ ሙሲባ ነው ወይስ ጥፋት?



ባለፈው ሳምንት ከዒሻ ሰላት በኋላ አንድ ወንድም በውስጥ መስመር ረጅም መልእክት ጻፈልኝ። የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ሐኪም መሆን ይመኛል። የ12ኛ ክፍል ፈተናን በጥሩ ውጤት አልፎ ግቢ ገባ። የመጀመሪያው ሴሚስተር ግሬድ ሲለቀቅ ግን ጂፒኤው 2.34 ሆኖ አገኘው። እናቱ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች፤ የሄደችውም እሱን ለማስተማር ነው። እዚያ ያሉ ጓደኞቿ ከወዲሁ «የዶክተር እናት» እያሉ ይጠሯታል። ደውላ «ልጄ፣ ውጤት እንዴት ሆነ?» ስትለው፣ «አልሐምዱሊላህ እማ፣ ጥሩ ነው» አላት። ስልኩን ከዘጋ በኋላ አለቀሰ።

ከመልእክቱ መጨረሻ ላይ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። የመጀመሪያው፦ «ኡስታዝ፣ ይህ የአላህ ቀደር ነው ብዬ ዝም ልበል ወይስ የራሴ ጥፋት ነው?» ሁለተኛው፦ «በቴሌግራም የፋይናል ፈተና መልስ እንሸጣለን የሚሉ አሉ። እናቴን ላለማሳዘን ብዬ አንዴ ብቻ ብጠቀምስ?»

ስሙንና ማንነቱን የሚገልጽ ነገር ሳልጠቅስ መልሱን ለሁላችሁም እንዳካፍል ፈቅዶልኛል። ምክንያቱም ይህ የእሱ ብቻ ጥያቄ አይደለም። በየግቢው፣ በየዶርሙ፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው የሚያለቅሱ ወንድሞችና እህቶች ጥያቄ ነው። እንግዲህ ለእሱ የጻፍኩትን ለአንተም፣ ለአንቺም እንደተጻፈ አድርጋችሁ አንብቡት።

ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ጥያቄህ ትልቅ ጥያቄ ነው። ዑለማዎቻችን በዚህ ላይ ቆንጆ መለኪያ አስቀምጠውልናል። ቀደር ለሙሲባ መጽናኛ ነው፤ ለጥፋት ግን ማመካኛ አይሆንም። ሙሲባ ማለት ሳትፈልገው የደረሰብህ ነገር ነው፤ በሽታ፣ ሞት፣ ድህነት። እዚህ ላይ «አላህ ወሰነ፣ የሻውንም አደረገ» ብለህ ልብህን ታሳርፋለህ። ጥፋት ግን በምርጫህ የሠራኸው ነው። እዚህ ላይ ቀደርን ብትጠራ ራስህን ለማዳን አላህ ላይ እያሳበብክ ነው።

ታዲያ የተበላሸ ግሬድ ከሁለቱ የትኛው ነው? እውነቱን ንገረኝ ካልከኝ፣ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ነው። ችግሩ የሚመጣው ሁለቱን ሳንለይ ስንቀር ነው። ሁሉን ሙሲባ ያደረገ ሰው አይታረምም። ሁሉን ጥፋት ያደረገ ሰው ደግሞ ተስፋ ይቆርጣል።

ስለዚህ ዛሬ ከዐስር በኋላ ወረቀት አውጣና ከመሀሉ አስምር። በአንድ በኩል ከአቅምህ ውጭ የነበረውን ጻፍ። ከአገር ቤት ትምህርት ቤት መጥተህ ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ሲሆንብህ ሌክቸሩን ለመከተል ስንት ሳምንት ፈጀብህ? በሚድ ሰሞን ታመህ ነበር? የቤተሰብ ጭንቀት ነበረብህ? ይህ ሙሲባ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በእጅህ የነበረውን ጻፍ። ያልገባህባቸውን ክፍሎች፣ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ስልክ ላይ ያመሸህባቸውን ቀናት፣ ሳትሠራ ከጓደኛህ የገለበጥካቸውን አሳይመንቶች። ይህ ጥፋት ነው። «በጀመዓ ሥራ ተጠምጄ ነው» የምትልም ካለህ በዚሁ በኩል ጻፈው። ጀመዓው ሌክቸር ቅር አላለህም፤ ጊዜህን ያልከፋፈልከው አንተ ነህ። በዲን ስም የተሸፈነ ስንፍና ስንፍና ከመሆን አይድንም።

አሁን የሁለቱን መድኃኒት እንይ። ለሙሲባው ሰብር ነው። ለጥፋቱ ተውበት ነው። የተውበትን መስፈርቶች ከልጅነታችን ጀምሮ በመድረሳ ተምረናቸዋል፦ ጥፋቱን መተው፣ መጸጸት፣ ዳግም ላለመመለስ መቁረጥ፤ የሰው ሐቅ ካለበት ደግሞ ሐቁን መመለስ። ልብ በል፣ ከእነዚህ መስፈርቶች ውስጥ «ራስህን ዕድሜ ልክ መውቀስ» የሚል የለም። መጸጸት በር ነው፤ አልፈኸው ትገባለህ እንጂ ደፉ ላይ ተቀምጠህ አትቀርም።

በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ አንድ አስገራሚ ሐዲስ አለ። ነቢዩላህ ሙሳ (ዐ.ሰ.) አባታችን ኣደምን (ዐ.ሰ.) ከጀነት ስላስወጣን ወቀሱት። ኣደምም «ከመፈጠሬ በፊት አላህ በወሰነው ነገር ትወቅሰኛለህን?» የሚል ትርጉም ያለው መልስ ሰጡ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በክርክሩ ኣደም እንደረቱ ነግረውናል። ዑለማዎች ይህን ሲያብራሩ አንዳንዶቹ «ወቀሳው የነበረው በደረሰው ሙሲባ ነው፤ በሙሲባ ላይ ደግሞ ቀደርን መጥራት ይፈቀዳል» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ «ኣደም ተውበት አድርገው ጥፋታቸው ተምሮላቸዋል፤ ተውበት ከተደረገበት በኋላ ያለፈን ጥፋት በቀደር መመልከት ይቻላል» ይላሉ።

የሁለተኛው ማብራሪያ ለአንተ ትልቅ ብስራት አለው። ዛሬ ጥፋትህን ሳታርም «ቀደር ነው» ብትል ማምለጫ ነው። ታርመህ፣ ተነስተህ፣ ሠርተህ ከዚያ ወደ ኋላ ዞረህ «ያ ሴሚስተር የአላህ ቀደር ነበር» ብትል ግን እውነት ነው፤ ልብህም ያርፋል። ቃሉ አንድ ነው። ልዩነቱ ከተውበት በፊት ወይስ በኋላ ተባለ የሚለው ነው።

ብዙዎቻችን ግን ነገሩን እንገለብጠዋለን። ያለፈውን በቀደር ማረፍ ሲገባን «ባጠና ኖሮ፣ ባልሄድ ኖሮ፣ ያን ቀን ባልተኛ ኖሮ» እያልን ስናላምጥ እናድራለን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የሚጠቅመንን እንድንጓጓለት፣ በአላህ እንድንታገዝና እንዳንሰንፍ አዝዘው፣ አንድ ነገር ሲደርስብን ግን ይህችን «ኖሮ» እንዳንል ከልክለውናል፤ የሸይጧንን ሥራ ትከፍታለችና። መጪውን ደግሞ ጥረት ማድረግ ሲገባን «አላህ ያለው ይሆናል» ብለን እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን። ያለፈው ላይ ሠራተኛ፣ መጪው ላይ ተወኪል ሆንን ማለት ነው። ትክክሉ ተቃራኒው ነው።

ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ሰዎቹን ይዘው ሊመለሱ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) «ከአላህ ቀደር ትሸሻለህን?» ሲሏቸው፣ ዑመር ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሸሹ መለሱ። አንድ ግመል ጠባቂ ለምለምና ደረቅ የሆኑ ሁለት ዳገቶች ያሉት ሸለቆ ቢያገኝ፣ በለምለሙም ቢያሰማራ በደረቁም ቢያሰማራ በቀደር ነው፤ ግን የትኛውን እንደሚመርጥ እናውቃለን። ስንፍናህ ቀደር ከነበረ ትጋትህም ቀደር ነው። ከአንዱ ወደ አንዱ ሽሽ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። እኔም ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት በመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤቴን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሳየው እግሬ ከዳኝ። ሁለት ቀን ከዶርም አልወጣሁም። የሚያሳፍረኝ ግሬዱ አይደለም፤ በእነዚያ ሁለት ቀናት ከሰላተል ጀመዓ መቅረቴ ነው። ልክ አላህም ውጤቴን አይቶ የናቀኝ መስሎኝ ነበር። አንተም እንዲህ ከተሰማህ፣ ይህ ከሸይጧን እንደሆነ እወቅ። ግሬድ ስለ ካልኩለስ እንጂ ስለ ኢማንህ የተሰጠ ፍርድ አይደለም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ ልምጣ። የከዕብ ኢብኑ ማሊክን (ረ.ዐ.) ታሪክ ታውቀዋለህ? የተቡክ ዘመቻ ሲታወጅ በጋው የከረረ፣ ፍሬው የደረሰበት ጊዜ ነበር። ከዕብ ያኔ የነበረውን ያህል አቅምና ሀብት ከዚያ በፊት እንዳልነበረው ራሱ ይናገራል። ጠዋት ጠዋት ለመዘጋጀት ይወጣል፤ ምንም ሳይሠራ ይመለሳል። በልቡ «በፈለግኩ ጊዜ እደርስበታለሁ» ይላል። ሠራዊቱ ወጣ። «ነገ እከተላቸዋለሁ» አለ። ነገም አለፈ። አንድ ቀን ሲነቃ መድረስ የማይቻልበት ሰዓት ላይ ራሱን አገኘው።

ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የግቢ ተማሪ የሚታየኝ ለምንድን ነው? ሃንድአውቱ ተከምሯል። «ገና ነው፣ ለሚድ እደርስበታለሁ» ይባላል። ሚድ አለፈ፤ «በፋይናል እክሳለሁ» ይባላል። ከዕብ ሙናፊቅ አልነበረም። ሰነፍ ሰውም አልነበረም። «እችላለሁ» የሚል ጥሩ ሰው ነበር። «እችላለሁ»ና «እሠራለሁ» ግን አንድ አይደሉም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲመለሱ ከሰማንያ የሚበልጡ ሰዎች እየመጡ ምክንያት ደረደሩ፤ ምክንያታቸውም በላዩ ተቀባይነት አገኘ፤ ውስጣቸው ለአላህ ተተወ። ከዕብ አንደበተ ርቱዕ ነበር፤ ማሳመን ይችል ነበር። ግን ዛሬ በውሸት ቢያስደስታቸው ነገ አላህ እውነቱን እንደሚያወጣው አሰበና፣ ምንም ምክንያት እንዳልነበረው ተናገረ። ከዚያ አምሳ ሌሊት ሰው ሳያናግረው ቆየ። ምድር ከስፋቷ ጋር ጠበበችው። በአምሳኛው ቀን ንጋት ላይ ከተራራ የብስራት ድምፅ ሰማ፤ በሱጁድ ተደፋ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ያ ቀን እናቱ ከወለደችው ጀምሮ ካለፉበት ቀናት ሁሉ በላጩ እንደሆነ አበሰሩት። እስከ ዛሬ ድረስ በሱረቱ ተውባ ውስጥ እንቀራዋለን።

ወንድሜ፣ ለእናትህ ንገራት። አልሐምዱሊላህ የምስጋና ቃል ነው፤ የውሸት መጋረጃ አታድርጋት። እናትህ ላንተ ውጤት ሐቅ አላት። በሰው አገር፣ በሰው ማድቤት የቆመችው ላንተ ነው። እውነቱን ከሬጅስትራር ወረቀት ወይም ከጎረቤት ልጅ ስትሰማ የሚያማት ግሬዱ ሳይሆን ያልነገርካት ይሆናል። እንዴት ልንገራት ካልክ፣ ድካሟ ቀለል በሚልበት በጁሙዓ ደውልላት። አታሳጥር፣ አታስረዝም። «እማ፣ ባለፈው ጥሩ ነው ያልኩሽ እውነት አልነበረም። ውጤቴ ዝቅ ብሏል። ጥፋት አለብኝ። ከአሁን በኋላ እንዲህ እንዲህ ላደርግ አስቤያለሁ። ዱዓ አድርጊልኝ፣ ዐፉ በይኝ» በላት። ልታለቅስ ትችላለች። ይህ ያንተ አምሳ ሌሊት ነው። ግን የእናት ዱዓ በውሸት ላይ ሳይሆን በእውነትህ ላይ እንዲወርድ ታደርጋለህ።

የከዕብን ታሪክ ስንተርክ ብዙ ጊዜ የምንዘላት አንዲት ክፍል አለች። በእነዚያ የጭንቅ ቀናት መሀል ከገሳን ንጉሥ ደብዳቤ መጣለት። ጓደኛህ እንዳገለለህ ሰምተናል፣ ወደ እኛ ና፣ እናከብርሃለን የሚል ይዘት ያለው። ሰው ሁሉ ፊቱን ባዞረበት ሰዓት ንጉሥ ጠራው! ከዕብ ይህም ፈተና ነው አለና ደብዳቤውን እምድጃ ውስጥ ጨመረው።

ያ የቴሌግራም መልእክት ያንተ የገሳን ደብዳቤ ነው። የሚመጣው ስትበረታ አይደለም፤ ስትሰበር ነው። «አንዴ ብቻ» ብሎ ነው የሚመጣው። አትመልስለት፣ ዋጋውን አትጠይቅ፤ አጥፋውና ቻናሉን ለቀህ ውጣ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የሚያጭበረብር ከእኛ እንዳልሆነ ነግረውናል፤ ፈተናውን ከዚህ ነፃ አላደረጉትም። መልሱን ከሚገዛው በተጨማሪ የሚሸጠውም የሚያስተላልፈውም ተካፋይ ነው። በዚያ ላይ አንድ የምደባ ቦታ በኩረጃ ስትወስድ፣ ሌሊቱን ያጠና የሌላ እናት ልጅ ቦታ ነው የምትወስደው። ይህ የሰው ሐቅ ነው፤ በኢስቲግፋር ብቻ አይወርድም።

ደግሞ ልትሆን የምትፈልገው ምን እንደሆነ አስብ። በአቡ ዳዉድ በተዘገበ ሐዲስ፣ ሕክምና ሳያውቅ ሕክምና የሠራ ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሆነ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ገልጸዋል። ዛሬ ያልገባህን ኬሚስትሪ በተገዛ መልስ ብታልፈው፣ ነገ የመድኃኒት መጠን ስታሰላ ፊትህ የተኛው ሕፃን መልስ አይሸጥልህም። እኛ ግሬድን የራሳችን ብቻ አድርገን እናየዋለን። በሐኪም ግሬድ ውስጥ ግን ገና ያላየኸው፣ ምናልባትም ገና ያልተወለደ በሽተኛ ሐቅ አለው። ዝቅ ያለው ውጤትህ «እዚህ ጋ አላወቅክም» ብሎ በጊዜ ከነገረህ፣ ከሐሰተኛ ኤ ይልቅ ታማኝ ጓደኛህ እሱ ነው።

እሺ፣ ምን ላድርግ? ትላለህ። ሰበብ ማድረስ ዒባዳ ነውና በቁጥር እንነጋገር።

በአገራችን በተፈጥሮ ሳይንስ የገባ ተማሪ የመጀመሪያውን ዓመት የጋራ ኮርሶች ወስዶ፣ ከዚያ በውጤቱ ወደ ትምህርት ክፍል ይመደባል። ሕክምና ቦታው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ነው። ስሌቱ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ሊለያይ ስለሚችል ከዶርም ወሬ ሳይሆን ከሬጅስትራር ጠይቅ። ክሬዲቱ እኩል ነው ብንል፣ 2.34 ይዘህ በሁለተኛው ሴሚስተር 3.70 ብታመጣ ድምሩ 3.02 ይሆናል። ሙሉ 4.00 ብታመጣ እንኳ 3.17 ነው። አላታልልህም፤ በዚህ ዓመት ምደባ የሕክምና በር ሊጠብብህ ወይም ሊዘጋብህ ይችላል። ግን ሌላ ስሌት ደግሞ ተመልከት። በአራት ዓመት ትምህርት ውስጥ በቀሩት ሰባት ሴሚስተሮች 3.70 ብታመጣ፣ የምትመረቀው በ3.53 ነው። ያ ያስለቀሰህ ሴሚስተር ከስምንቱ አንዱ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በአንድ ሴሚስተር የተበላሸ በአንድ ሴሚስተር ላይስተካከል ይችላል። በሰባት ግን ይስተካከላል። አላህ ሰብርን ያዘዘን ለዚህ ነው።

ደግሞም ወደ ሕክምና የሚወስደው መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። በአገራችን ከ2004 ዓ.ል. ጀምሮ በሌላ ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ተቀብሎ ሐኪም የሚያደርግ ፕሮግራም ተከፍቶ፣ ነርስና ጤና መኮንን የነበሩ፣ ባዮሎጂ ያጠኑ ሰዎች በዚያ በኩል ገብተው ዛሬ በሐኪምነት ያገለግላሉ። የግል የሕክምና ኮሌጆችም አሉ፤ ክፍያቸው ከባድ ቢሆንም። የትኛው በር በየትኛው ዓመት ማንን እንደሚቀበል አንተ ተከታትለህ ትጠይቃለህ። ግን የትኛውም በር ቢሆን ከዛሬ ጀምሮ የምታመጣውን ግሬድ ይጠይቅሃል።

አጠናንህንም ቀይር። በመድረሳ ቁርኣንን እንዴት ነበር የሐፈዝነው? ሙስሐፉን እያዩ ሃያ ጊዜ ማንበብ ብቻውን በቂ ነበር? አልነበረም። ሙስሐፉን ዘግተህ ኡስታዙ ፊት ትቀራለህ፤ ስትሳሳት ያቆምሃል፤ ትመለሳለህ። አዲሱን ስትይዝ አሮጌውን ሙራጀዓ ታደርጋለህ። ግቢ ስንገባ ግን ይህን ሁሉ ረስተን ሃንድአውቱን በቀለም እያሰመርን «አጠናሁ» እንላለን። ዝጋው! ባዶ ወረቀት ላይ ከራስህ አውጥተህ ጻፈው። ለጓደኛህ በአማርኛ አስረዳው፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ ጻፈው። የባለፈውን ሳምንት በየሳምንቱ ከልስ። ወርክሺቱን መልሱን ሳታይ ሥራ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለኡመታቸው በማለዳው በረካ እንዲደረግ ዱዓ አድርገዋል፤ ከሱብሒ በኋላ ያለችውን አንድ ሰዓት ለከበደህ ኮርስ ስጣት። ያልገባህን ይዘህ የመምህሩን ቢሮ አንኳኳ። የሚያፍርና የሚኮራ ዕውቀት አያገኝም የሚለው የሰለፎች ምክር ለፊዚክስም ይሠራል።

ሌላም አንድ ነገር። ሐዘኑ ከእንቅልፍ፣ ከምግብ፣ ከሰላት ካቆመህ፣ ወይም ራስህን ስለመጉዳት የምታስብ ከሆነ፣ ብቻህን አትቀመጥ። ዛሬውኑ ለምታምነው ሰው ንገር፤ ወደ ግቢው ክሊኒክ ወይም ወደ ምክር አገልግሎት ሂድ። ይህ የኢማን ማነስ አይደለም። ሐኪም ልሆን የሚል ሰው ራሱ ሲታመም ሐኪም ቤት መሄድን አያፍርበትም።

አሁን ግን ከግሬዱ የሚከብደውን ጥያቄ ልጠይቅህ። ሕክምናን የፈለግከው ለምንድን ነው? በሽተኛውን ነው የምትወደው ወይስ «ዶክተር» መባልን? ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ በቂያማ ቀን መጀመሪያ ከሚፈረድባቸው መካከል ዐዋቂ፣ ሙጃሂድና ለጋስ ሰው አሉ፤ ሦስቱም ሥራውን የሠሩት «እንዲባልላቸው» ነበር፤ ተባለላቸውም። ራስህን የምትፈትንበት ቀላል መንገድ አለ። አዋላጅ ነርስ፣ ፋርማሲስት፣ የላብራቶሪ ወይም የአንስቴዥያ ባለሙያ ብትሆን በሽተኛውን ታገለግለው ነበር? «አዎ» ካልክ ኒያህ ሕያው ነው፤ የትኛውም ምደባ አይገድለውም። «አይ፣ ዶክተር ካልሆንኩ ምንም» ካልክ ግን፣ ምናልባት የተሰበረው ሕልምህ ሳይሆን ስምህ ነው። ሱረቱል ማኢዳ ውስጥ አንድን ነፍስ ያዳነ ሰው ሰዎችን ሁሉ እንዳዳነ መሆኑን አላህ ነግሮናል፤ የማዕረግ ስሙን ግን አልጠየቀም። ሌሊት በገጠር ጤና ጣቢያ ደም የሚፈሳትን ወላድ በእጇ የያዘች አዋላጅ ነርስ ከዚህ ምንዳ ውጭ ናትን?

ኢማሙ ነወዊን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። አርበዒኑንም ሪያዱ ሷሊሒኑንም ያልቀራ ደረሳ ጥቂት ነው። ተማሪያቸው ኢብኑል ዐጣር እንደዘገቡት፣ ነወዊ በወጣትነታቸው ሕክምና ሊማሩ ቆርጠው የኢብን ሲናን «አል ቃኑን» ገዝተው ነበር። ግን ልባቸው ጨለመ፤ ለቀናት ምንም መሥራት አቃታቸው። መንገዳቸው እንዳልሆነ ሲገባቸው መጽሐፉን ሸጡት፤ ብርሃናቸውም ተመለሰ። በ676 ዓመተ ሒጅራ፣ ገና በ45 ዓመታቸው ሞቱ። ይህን የምነግርህ ሕክምና መጥፎ ነው ለማለት አይደለም፤ ከሐላልና ከሐራም ዕውቀት ቀጥሎ ከሕክምና የከበረ ዕውቀት እንደማያውቁ ከኢማሙ ሻፊዒይ ይወራል። የምነግርህ አላህ ለአንድ ሰው አንዱን በር ሲዘጋ በሌላው በር ስንት ሰው እንደሚያስገባ እንድታይ ነው። ብዙ ሐኪም የነበራት ደማስቆ አንድ ሐኪም ቀረባት፤ ዓለም ነወዊን አገኘ።

ዛሬ ጁሙዓ ነው፤ ሱረቱል ከህፍን ቀርተሃል ወይም ትቀራለህ። ኸዲር የድሆቹን መርከብ ሲሰነጥቁ ሙሳ (ዐ.ሰ.) ደነገጡ። በኋላ እንደታወቀው፣ ደህናውን መርከብ ሁሉ የሚነጥቅ ንጉሥ ከፊታቸው ነበር። ስንጥቁ መርከቧን አዳናት። ግን ሁለት ነገር ልብ በል። አንደኛ፣ ድሆቹ ስንጥቁን ባዩ ቀን ምክንያቱን አያውቁም ነበር። አንተም ያንተን ስንጥቅ ምክንያት በዚህ ዓለም ላይነገርህ ይችላል። ሁለተኛ፣ የተሰነጠቀች መርከብ አትጣልም፤ ተጠግና ወደ ባሕሩ ትመለሳለች። ጥገናው ያንተ ሥራ ነው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ ጥያቄውን በአጭሩ ልመልስ። የደረሰብህን በሰብር ተቀበል። ያጠፋኸውን በተውበት እረም። ለእናትህ እውነቱን ንገር። ደብዳቤውን እሳት ውስጥ ጨምረው። ሰኞ ጠዋት ሃንድአውትህን ዝጋና ከራስህ መጻፍ ጀምር። ከዚያ በኋላ ሕክምና ቢደርስህም ባይደርስህም፣ «ቀደረላህ» ስትል ቃሉ ከአፍህ እንደ ማምለጫ ሳይሆን እንደ ኢማን ይወጣል።

አላህ ሆይ! የተሰበሩትን ጠግን፣ የሚማሩትን ዕውቀት ጥቀማቸው፣ በሐራም ከፍ ከማለት በሐላል ዝቅ ማለትን አስወድዳቸው። በሰው አገር የሚደክሙ እናቶቻችንን ጠብቅ፤ ዐይናቸውንም በልጆቻቸው እውነተኛነት አቀዝቅዝ። ኣሚን።

ዛሬ ጁሙዓ ነውና በነቢያችን ላይ ሰለዋት አብዙ። የሚያለቅስ የዶርም ጓደኛ ካላችሁ ይህን ላኩለት፤ ከመላካችሁ በፊት ግን ሂዱና አጠገቡ ተቀመጡ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።